ጅማ ኮንዶሚኒየም ለመግባት ላሰባችሁ

ጅማ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ለመከራየት ወይም ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። የምኖረው እዚሁ ከተማ፣ በእናቴ ስም በዕጣ በወጣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ቀን ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታና ቅዳሜ ደግሞ የብሎካችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በር እያንኳኳሁ መዋጮ እሰበስባለሁ። ደላላ የማይነግራችሁን ብዙ ነገር ያወቅኩት በዚህ ሥራ ነው። የማንንም ስም አልጠራም፣ የትኛው ሳይት እንደሆነም አልጽፍም። ጎረቤቶቼ በራቸው ላይ ቆመው ስለ ገቢያቸው የሚነግሩኝ አምነውኝ ነው።

ስለ ቤቱ በአጭሩ ልናገር። ሕንፃው ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ አለው። በየወለሉ ስድስት ቤት፣ በድምሩ 24 ነው። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ እና ባለ ሁለት መኝታ ተደባልቀው ተሠርተዋል። ግድግዳው ብሎኬት ነው። እናቴ ስትረከበው ወለሉ ሊሾ ነበር፣ ግድግዳውንም ቀለም አልነካውም። ሴራሚኩን፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ፣ የሻወሩን ማሞቂያ እያንዳንዱ በራሱ ኪስ ነው ያስገባው። ስለዚህ ፕላናቸው አንድ የሆኑ ሁለት ቤቶች ውስጣቸው በጣም ይለያያል። አንዱን አይታችሁ ሌላውን አትከራዩ።

ግንባታውን አልነቅፍም። ይህን ሁሉ ዓመት ቆሞ የሚያሰጋ ስንጥቅ አላየንበትም። የሚታዩት ጥቃቅን ስንጥቆች ልስኑ ላይ ናቸው። የመንግሥት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር ብሎኬቱን፣ በሩንና መስኮቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች እንዲያመርቱት ተደርጎ ነበር። የብረት በሮቻችን ዛሬም ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ። መስኮቶቹ ግን ዝናብ ያስገባሉ። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከመጋቢት አንስቶ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ አይለቅም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልክ መነጋገር አይቻልም። ፀሐይ የማያገኘው ጎን ግድግዳው ይረጥባል፣ ሻጋታም ያወጣል። ቤት የምታዩት በበጋ ከሆነ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ ከጀርባው እዩ። አከራዩ አዲስ ቀለም ከቀባ የትኛውን ግድግዳ ብቻ እንደቀባ ተመልከቱ።

ድምፅ ያልፋል። የላይኛው ቤት ቡና ሲወቀጥ እኛ ቤት እንደተወቀጠ ነው የሚሰማው። እኔ ለምጄዋለሁ። ሕፃን ያለው ሰው ግን ቢያስብበት ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድና የውሃ ማሞቂያ አንድ ላይ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ በምትጋግሩበት ቀን ሻወሩን ለሌላ ሰዓት ማድረግ ነው።

ስለ ውሃው ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ነዋሪው ሁሉ አንዱ ከሌላው ጋር የተሳሰረው በውሃው ነውና።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ጊዜ መሬት ላይ ያለው ታንከር ይሞላል። ከዚያ ፓምፑ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋዋል። ፓምፑ የሚሠራው በጋራ ቆጣሪ ነው። የጋራው ቆጣሪ ሂሳብ ካልተከፈለ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ውሃ የለም። ምድር ቤት ያሉት ግን ያለ ፓምፕም ያገኛሉ። ድሮ በየስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ ይኼ ነበር። «እኔ ፓምፑን አልጠቀምበትም፣ ለምንድነው የምከፍለው?» ይላሉ ከምድር ቤት። የሚሉት እውነት ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፍሳሹ የሚመለሰው ምድር ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ሽታው ካልረበሸው በቀር አይነካውም። እሱም «እኔ ቤት ምንም የለም» ማለት ይችላል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ያስማሙት በዚህ ነው። የላይኞቹ ለሴፕቲኩ፣ የታችኞቹ ለፓምፑ እኩል እንዲከፍሉ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ይኼ ክርክር ሲነሳ አልሰማሁም። ቤት ስታዩ ስለ ፎቁ ከመጠየቃችሁ በፊት የጋራ ቆጣሪው ዕዳ እንዳለበት ጠይቁ።

አሁን ወደ ሰዎቹና ወደ ገቢያቸው ልምጣ።

ብዙ ሰው ኮንዶሚኒየም ሲባል ደመወዝተኛ ብቻ የሚኖርበት ይመስለዋል። እኛ ብሎክ ውስጥ ግን ወር ጠብቆ ገንዘብ እጁ የሚገባው ግማሹ ሰው ቢሆን ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ። ነርሶች አሉ። የባንክ ሠራተኛ አለ። ጡረተኞች አሉ። የእነዚህ ቀናቸው ይታወቃል። ሌላው ግማሽ የተለየ ነው። ምድር ቤት ስቱዲዮ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት አለች። ገቢዋ የየቀኑ ነው፤ ጤፍ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። የምግብ ቤቶቹን ዋጋ ጤፍ በጨመረበት ቀን መጨመር አትችልም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከትርፏ ላይ ትበላለች። እሷ ይህን ብሎክ የመረጠችው ኮሚናሉ፣ ማለትም ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበት የማብሰያና የማጠቢያ ቤት፣ ቅርብ ስለሆነ ነው። ምጣዷን እዚያ አስገብታ ትጋግራለች። ቤቷ ጭስ የለውም፣ ልጆቿም በሰላም ያጠናሉ። ለእንደሷ ዓይነት ሠራተኛ ኮሚናሉ ከቤቱ እኩል ዋጋ አለው። እንደሱ ዓይነት ሥራ ያላችሁ ካላችሁ ኮሚናሉ ለሌላ ሰው እንዳልተከራየ አረጋግጡ። አንዳንድ ቦታ መጋዘን ሆኖ ተቆልፎ አይቻለሁ።

ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ባጃጁ የእሱ አይደለም። በየቀኑ ለባለቤቱ የተወሰነ ብር ያስገባል። ቀሪው ነው የእሱ። ቤንዚን ሲጠፋ ቀኑን ሰልፍ ላይ ይውላል፣ ለባለቤቱ የሚያስገባው ግን አይቀርለትም። እሱን ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ክፈል ማለት ምን ማለት ነው? የባጃጅ ኑሮ ቀን አለው እንጂ ወር የለውም።

ቡና ደግሞ አለ። ጅማ ላይ ስለ ገቢ አውርቶ ቡናን መዝለል አይቻልም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እናትና ልጅ አሉ፤ ሁለቱም ቡና መጋዘን ለቃሚ ናቸው። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን ፍሬ በእጅ ይለቅማሉ። ክፍያቸው በለቀሙት ልክ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡናው ሲለቀም ከተማው ውስጥ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያም ጥቂት ወራት መጋዘኖቹ ሥራ አላቸው። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል። እናትየውን አዴ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሐምሌና ነሐሴ እሳቸው ቤት ማንኳኳት ይከብደኛል። ኅዳር ላይ ግን ሳልጠይቃቸው እሳቸው ናቸው በሬን የሚያንኳኩት። «ነይ ልጄ፣ እጄ ላይ እያለ ውሰጂ» ይሉኛል። አንደኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ከገጠር ቡና ሰብስቦ ለነጋዴ የሚያቀርብ አባወራ አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚበላው በእነዚያ ወራት ያገኘውን ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ገቢው ከመምህሩ ይበልጣል። ግንቦት ላይ ግን ከመምህሩ ይበደራል።

የፋብሪካ ልጆችም አሉ። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከየወረዳው የመጡ ልጃገረዶች ቤት መፈለግ ጀመሩ። ለብቻ አይከራዩም፤ አይችሉማ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አገራችን የላትም። ስለዚህ አራት ሆነው አንድ ስቱዲዮ ይገባሉ። ፍራሹን ቀን ያቆሙታል፣ ማታ ይዘረጉታል። አንዳንድ ጎረቤት «በዙ፣ ውሃ ይጨርሳሉ» ይላል። እኔ የማየው መዝገቤን ነው። ከብሎኩ ሁሉ አንድም ቀን ዕዳ አድሮባቸው የማያውቁት እነሱ ናቸው። አራቱ በየተራ ይከፍላሉ፤ የማን ተራ እንደሆነም በሩ ጀርባ ለጥፈዋል።

መዋጮው በቤት 350 ብር ነው። 24 ቤት ሲከፍል 8,400 ይሆናል። ከዚህ ላይ 6,000 ለሁለት ጥበቃዎች፣ 1,000 ደረጃ ለምታጸዳልን ሴት፣ ወደ 800 ገደማ ለጋራ ቆጣሪ ይወጣል። የሚተርፈው 600 ብር ለሴፕቲክና ለፓምፕ ጥገና ይቀመጣል። ይህን የምጽፈው ሌላ ብሎክ ውስጥ ያላችሁም እንድታስተያዩት ነው። 350 ብር ለአንዳንዱ የአንድ ምሳ ግብዣ ነው። ለሌላው የሳምንት አስቤዛ ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ኮሚቴ አከፋፈሉ እንዲህ ነበር። ወር በገባ እስከ አምስት ቀን ካልተከፈለ ቅጣት ይጨመራል። ወር ካለፈ ስም ደረጃው መግቢያ ላይ ይለጠፋል። የሚለጠፈው የእነማን ስም እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። የእንጀራ ጋጋሪዋ፣ የባጃጅ ነጂው፣ የአዴ። ጎረቤት ስሙን በሚያይበት ወረቀት ሥር ልጆቻቸው ወደ ትምህርት ቤት ያልፋሉ። ገንዘቡም አልመጣም። እንዲያውም ሰው ሰላምታ ማቆም ጀመረ። አንዳንዱ ማታ መብራት አጥፍቶ ይቀመጥ ነበር፣ ሰብሳቢው እንዳያንኳኳ። ቡና መጠራራት ቀረ። ኅብረት በነበረበት ብሎክ ይህን ማየት በጣም ያሳዝናል።

ስብሰባ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው መላ ያመጡት። እሳቸው ያሉት ቀላል ነው። የዓመቱ መዋጮ 4,200 ብር ነው፤ ዓመት ሙሉ ይጠናቀቅ፣ መቼ መቼ እንደሚከፈል ግን እያንዳንዱ ቤት ገቢው በሚመጣበት ልክ ራሱ ይንገረን። ሰዉ ፈራ። «ታዲያ ጥበቃው በየወሩ ምን ይበላል?» አለ አንዱ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መፍትሔውም እዚያው ከቤቱ ወጣ። ደመወዝተኞቹ የሦስት ወር ቀድመው እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ዘጠኝ ቤት እሺ አለ። ያ ገንዘብ መጠባበቂያ ሆነ።

አሁን መዝገቤ ላይ ባጃጅ ነጂው በየሳምንቱ እሑድ 100 ብር ይሰጠኛል፤ ከሞላ በኋላ ያርፋል። እንጀራ ጋጋሪዋ ምግብ ቤቶቹ ሂሳብ በሚዘጉላት ቀን ትከፍላለች። አዴና ልጃቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የዓመቱን ይጨርሳሉ። ቡና አቅራቢውም እንደዚያው። ጡረተኞቹ ጡረታቸውን በሚቀበሉበት ቀን ነው። የተለጠፈው ወረቀት ተቀደደ። ያደረ ዕዳ የለም ማለት ይቻላል። የቀረው ዕዳ የማን እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ሌላ ከተማ የሚኖሩ፣ ቤታቸውን አከራይተው ስልክ የማያነሱ ባለቤቶች ናቸው። ከሁሉም የተሻለ ገቢ ያላቸው እነሱ ሆነው ሳለ።

ከ24ቱ ቤት በዕጣ የደረሳቸው ሰዎች አሁንም ራሳቸው የሚኖሩበት ሰባቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሸጠዋል ወይም አከራይተዋል። ይህ ለምን እንደሆነ ከእናቴ ታሪክ በላይ የሚያስረዳልኝ የለም።

እናቴ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የምንኖረው ሂርማታ አካባቢ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ መንግሥት መሬቱን ያለ ሊዝ አቀረበ። በአንዳንድ ሕንፃዎች ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ እየተሸጡ የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ እንዲደጉሙ ታሰበ። ገዢው 20 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል፣ 80 በመቶውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይበደራል። አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አይቻልም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። የእናቴ ስም በዕጣ ሲወጣ ሰፈሩ እልል አለ። 20 በመቶውን የከፈለችው በዕቁብ ነው። የዕቁቡ ሴቶች ዕጣውን ቀድማ እንድትወስድ ተዉላት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያንን ውለታ ዛሬም አልረሳሁትም።

ከዚያ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ መጣ። ከጽዳት ደመወዝ ላይ እሱን ከፍሎ መብላት አይቻልም። እናቴ ቁልፉን ተረክባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ዕጣን አጢሳ ለአንድ መምህር አከራየችው። የቀበሌውን ቤት ስለመለስን እኛ አክስቴ ቤት ተጠጋን። ኪራዩ ብድሩን ከፈለ። እኛ ገብተን መኖር የጀመርነው ብድሩ ሲቀል፣ እኔም ሥራ ስይዝ ነው። አብረዋት ዕጣ የወጣላቸው ብዙዎች ግን እስከዚያ አልቆዩም። አምስት ዓመቱ ሲሞላ ሸጡ። አንዳንዶቹ ቅድሚያ ክፍያውን ራሱ ማግኘት አቅቷቸው ዕድሉ አለፋቸው። ፕሮግራሙ በ2002 አካባቢ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የቆመበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው የመክፈል አቅም ነው። አዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ገቢያቸው በወር ከ1,200 ብር ላልበለጠ ሰዎች 10/90 የሚባል ምዝገባ ሲከፍት በወር 187 ብር እየቆጠቡ እንዲጠብቁ አደረገ። እኛ ከተማ እንዲህ ያለው ቢኖር ኖሮ እናቴ ዕቁብ መለመን አያስፈልጋትም ነበር።

የቀበሌ ቤቱን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የማየው። እነዚያ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ናቸው። ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ እኛ እስክንወጣ ድረስ ኪራዩ እምብዛም አልተነካም። የእኛ ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ የጋራ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው ቤት ድረስ ይገባል። ወደዚያ ኑሮ መመለስ አልፈልግም። ግን ከዚያ ግቢ ኪራይ አቅቶት የወጣ ሰው አላስታውስም። ሥራ ያጣም፣ የታመመም፣ ባሏ የሞተባትም እዚያው ኖሩ። ኮንዶሚኒየሙ የተሻለ ግድግዳ አለው፤ ገቢው የተቋረጠበትን ሰው ግን አያቆይም። ባለፈው ዓመት ብቻ ከእኛ ብሎክ ሦስት ተከራይ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ አይቻለሁ። አንዷ እዚሁ ብሎክ የዳረችን፣ ክርስትና ያነሳችልን ሴት ነበረች።

ኪራዩን ከደመወዝ ጋር ላስተያይላችሁ፤ ይኼ ሥራዬ ነው። በቅርቡ እኛ ብሎክ ስቱዲዮ በ5,000፣ ባለ አንድ መኝታ በ7,000 ብር ተከራይቷል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ከ6,000 ብር ላይ 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 4,880 ነው። የስቱዲዮውን ኪራይ አይሸፍንም። በዲግሪ አዲስ የተቀጠረ ሰው ደመወዙ ከ6,940 ወደ 11,500 ሆኗል። ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805፤ የሚተርፈው 8,595 ብር። ባለ አንድ መኝታ ከተከራየ 1,595 ብር ይቀረዋል። በዚያ ላይ የእኛ 350 አለ፣ መብራት አለ፣ ውሃ አለ። ገና ምግብ አልቆጠርኩም። ጭማሪው ጥሩ ነበር፣ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ጭማሪው በተወራ ሳምንት ሁለት አከራዮች ኪራይ ከፍ እንደሚያደርጉ ለተከራዮቻቸው ነግረዋል።

ስለዚህ ለማን እመክራለሁ? ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤተሰብ ከሆናችሁ ይኼ ቤት ጥሩ ነው። ጥበቃ አለው፣ ልጆች በረንዳው ላይ በሰላም ይጫወታሉ፣ ከከተማችን መርካቶ ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤት ለቅሶም ለሠርግም ይደርሳል። ዕድሩ ጠንካራ ነው፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አንድ ድንኳን ነው የሚተክለው። ለብቻችሁ ኑራችሁ በአንድ የመንግሥት ደመወዝ የምትተዳደሩ ከሆነ ግን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ፈልጋችሁ ለሦስት ተካፈሉት። በዚህ ከተማ በአንድ ጀማሪ ደመወዝ ብቻውን ቤት ይዞ ሰላም ያገኘ ሰው አላየሁም። ለመግዛት ለምታስቡ፣ ባለቤቱ የባንክ ዕዳውን ጨርሶ ካርታው ነፃ መሆኑን፣ የማኅበሩንም መዋጮ መክፈሉን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ውል ስትዋዋሉ አንድ መስመር አስገቡ፤ የብሎኩን መዋጮ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ባለቤቱ «ተከራይ ነው»፣ ተከራዩ «ባለቤት ነው» ሲሉኝ መሃል ላይ ቆሜ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ጠቃሚ ነው። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎቹ በወሰኑት መሠረት ነውና ውሉን የምታስመዘግቡበት ቦታ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሌላ ቤት እዩ።

የቀረኝ የጥበቃዎቹ ነገር ነው። ለአንድ ሰው 3,000 ብር እየከፈልን ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ላይ እናቆማለን። ከመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ግማሹ ነው። ይኼን ቁጥር በየወሩ እኔ ነኝ በእጄ የምቆጥረው፤ ደስ ብሎኝ ቆጥሬው አላውቅም። አንደኛው ጥበቃ አራት ልጆች አሉት። የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ እኛ ከወጣንበት የባሰ ቤት ውስጥ ነው። 4,500 ብናደርገው በቤት 125 ብር ይጨምራል፤ መዋጮው 475 ይሆናል። የላይኛው ፎቅ መምህራን ይስማማሉ። አዴ ደግሞ «ለእሱም ይጨመር፣ ግን እኔ የምከፍለው ከቡና በኋላ ነው» ብለውኛል። የሚቃወሙት በስልክ የሚመልሱልኝ፣ እዚህ የማይኖሩት ባለቤቶች ናቸው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የብሎኩ ማኅበር የቤት ባለቤቶች ነው፤ ተከራይ ድምፅ የለውም። አብዛኛውን ገንዘብ የሚያዋጣው ግን ተከራዩ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት አጀንዳ አስይዣለሁ። አንዱ የጥበቃዎቹ ደመወዝ ነው። ሌላው በየወሩ በምናዋጣው ገንዘብ ጉዳይ ላይ ተከራይም እጁን እንዲያወጣ የመተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል የሚል ነው። ሰባቱ ነባር ባለቤቶች ፈርመውልኛል፤ ለሌሎቹ እየደወልኩ ነው።